ሞተ የተባለው ዲስክ ከመሳቢያ ስለመገኘቱ፣ ስለጠፉት ራሞችና ስለ ሦስቱ ሉሆች

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሰፈሩ «አባ ካቻቢቴ» ተብለው የሚታወቁ (ሙሉ ስማቸው በመዝገቡ ሽፋን ላይ ተመልክቷል)
ዕድሜ፦ 76
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ
አድራሻ፦ ከገበያው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ
ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ፣ ወር በገባ በ14ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡10
ከተጠርጣሪው ጋር ያላቸው ግንኙነት፦ ዝምድና የለም። «ጸብ አለ ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ «አለ፣ ይጻፍልኝ» ብለዋል።

እኔ መጠሪያዬና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በገዛ እግሬ ወደ ምርመራ ክፍሉ መጥቻለሁ። መርማሪው «እርስዎ ትናንት ታርቀው ፈርመዋል፣ ዛሬ ምን ቀረዎት?» ሲሉኝ «ዋናው ቀርቷል» ብያለሁ። ቃሌ እንዳወራሁት እንዲጻፍ ጠይቄ፣ መርማሪው ደግሞ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ቀልድ እንደማይጽፉ ነግረውኝ፣ የትኛው ቀልድ የትኛው ጉዳይ እንደሆነ እየተከራከርን እንድንሄድ ተስማምተናል።

የዲስኩ ባለቤት የልጄ ልጅ ናት። ዕድሜዋ 28 ነው። እናቷ ለሥራ ርቃ ስለምትኖር ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው እኔ ቤት ነው፤ በቤት «ሚጡ» እንላታለን። ሥራዋ የሕንፃ ንድፍ ማውጣት ሲሆን የምትሠራውም በግቢያችን የፊት ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ላፕቶፕ ነው። ለአምስት ዓመት ሌሎች ሰዎች የሚፈርሙበትን ንድፍ ስትሥል ቆይታ በዚህ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ስም የአንድ ጤና ጣቢያ ሥራ አገኘች። ሃያ ሁለት ሉህ ንድፍ ነው። ርክክቡ ነገ ዓርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ካላስረከበች ሥራው ሁለተኛ ለወጣው ድርጅት ይሰጣል፤ ሁለተኛ የወጣው ደግሞ አምስት ዓመት በእሷ ንድፍ ላይ ሲፈርም የኖረው ሰውዬ ነው። መርማሪው የኋለኛው ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል ወይ ብለው ጠይቀውኝ፣ ከሁሉም በላይ እሱ ያስፈልጋል ብያለሁ።

ላፕቶፑ ስድስት ዓመት ያገለገለ፣ ለቢሮ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ ጥቁር፣ ወፈር ያለ ነው። በቅርቡ በጣም ዘገመ። አንድ ሉህ እስኪከፍት ድረስ እኔ ሻይ አፍልቼ፣ ጠጥቼ፣ ብርጭቆዬን አጥቤ እመለስ ነበር። ሚጡ አዲስ እንግዛ አለች። አብረን ወደ አንድ ትልቅ መደብር ሄድን። እሷ የመረጠችው ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ገልብጬ ጀርባውን ሳይ አንድም ብሎን የለውም። ሻጩን «ሆዱ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?» አልኩት።

«አይከፈትም አባባ። ራሙም ከቦርዱ ጋር አብሮ ነው የተበየደው።»

«ሲታመምስ?»

«ያኔ አዲስ ይገዛሉ።»

«አንተን እንደዚህ አድርገው ስላልሠሩህ እናትህ ዕድለኛ ናት» አልኩት። ሚጡ በክርኗ ጎሰመችኝ። ሆኖም እዚያው ቆመን ሒሳቡን ሳይሆን ነገሩን አሰብነው፦ የድሮው ላፕቶፕ ዘጠኝ ብሎን አለው፣ ራም መጨመሪያ ባዶ ቦታ አለው፣ ዲስኩ ይወጣል ይገባል፣ ቁልፎቹ ሲነኩ እንደ ጽሕፈት መኪና ለጣት መልስ ይሰጣሉ። የዘገመው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ አርጅቶ፣ ስምንት ጊጋ የነበረው ራምም ለአዲሱ የንድፍ ፕሮግራም አንሶ ነው። ስለዚህ ራሙን አሥራ ስድስት አድርገን፣ ዲስኩን በፈጣኑ ዓይነት ለውጠን እንጠቀምበት ብለን ወሰንን። ምክሩ የእኔ ነበር። ይህንን የምናገረው ኋላ ለሚመጣው ነገር ነው።

ወር በገባ በ2ኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ሚጡ ለልኬት ወጥታ ሳለ ላፕቶፑን ከፈትኩት። ከመውጣቷ በፊት «አባባ፣ እንዳትነካው! ብሎን አይተህ ማለፍ አትችልም አይደል?» ብላኝ ነበር። አልችልም። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት በሠራሁበት የጽሕፈት መኪና መጠገኛ አንድ ደንብ ነበረ፦ መኪና የከፈተ ሰው፣ በነካው ዕቃ ጠርዝ ላይ በመርፌ የራሱን ምልክት ይጭራል፤ ምን እንደነካና መቼ እንደነካም በደብተር ይጽፋል። ይህም አንዱ ያበላሸውን በሌላው እንዳያላክክ ነው። የእኔ ምልክት የዶሮ እግር ነበር፤ ሦስት ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ። ሰው ጠርጥሬ ሳይሆን እጄን ስለበላኝ ብቻ በራሙና በሃርድ ዲስኩ ጠርዝ ላይ የዶሮ እግር ጭሬ፣ በደብተሬ ጽፌ፣ ዘጠኙንም ብሎን መልሼ አጠበቅሁ።

ሰኞ በ4ኛው ቀን ሚጡ ላፕቶፑን ይዛ ከገበያው ፊት ለፊት ወዳለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ሄደች። የሱቁን ባለቤት ደንበኞቹ «ፕሮፌሰር» ይሉታል። መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ስለሚያንጠለጥልና ለማንም የማይገባ ነገር ረጋ ብሎ ስለሚያወራ ነው። እኔ በዚህ ቃል ውስጥ «ሌባው» ብዬው የነበረ ሲሆን መርማሪው ፍርድ ቤት ሳይለው እኛ ማለት አንችልም ስላሉ «ተጠርጣሪው» ተብሏል። እኔ ግን እያልኩ ያለሁት የመጀመሪያውን ነው።

ሐሙስ በ7ኛው ቀን ልትወስደው ስትሄድ ተጠርጣሪው ራም እንደጨመረላት፣ አዲስ ፈጣን ዲስክም እንዳስገባላት፣ አሮጌው ዲስክ ግን ገና ሲነካው ሞቶ ስለነበረ ምንም ሊያወጣበት እንዳልቻለና እንደጣለው ነገራት። የሞተም ቢሆን ስጠኝ አለችው። «የሞተ ዲስክ ምን ያደርግልሻል፣ እህቴ? ለቅሶ ልትቀመጪ ነው?» አላት። የጤና ጣቢያ ንድፍ እንዳለበት ስትነግረው ደግሞ «ሥዕል አይደል? ደግመሽ ሣዪዋ!» ብሎ ሱቁ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ጋር ሳቀ። መርማሪው ይህንን ከማን ሰማሁ ብለው ጠይቀውኛል። ከራሷ ነው። ቤት መጥታ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ እየሳቀች ለመንገር ሞክራ፣ መጨረስ አቃታት።

ሌላ ቅጂ የላትም ወይ ለሚለው ጥያቄ፦ አላት መስሏት ነበር። ማታ ማታ ሥራዋን ሁሉ «ዲ» በሚባለው ክፍል ትገለብጥ ነበር። «ዲ» ሌላ ዲስክ ሳይሆን የዚያው የአንዱ ዲስክ ግማሽ መሆኑን ማንም ነግሯት አያውቅም። እኔም እንደዚያው መስሎኝ በጥንቃቄዋ ለጎረቤት እኮራባት ነበር።

ዓርብ በ8ኛው ቀን እሷ የጠፋውን ለመተካት የድሮ ወረቀት ስትፈልግ፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩት። ራም ሁለት ነው፤ አሥራ ስድስት መሙላቱ እውነት ነው። ነገር ግን የዶሮ እግር ያለው ራም የለም። ሁለቱም እንግዳ ናቸው፤ ዓይነታቸውም የተለያየ፣ አንደኛው ጥርሱ የጠቆረ። «አዲስ» የተባለው ዲስክ ላይ የተላጠ ወረቀት ሙጫ አለበት። ተጠርጣሪው የሚጡን ራም «አልነካሁትም፣ አጠገቡ ነው የጨመርኩት» ብሏት ነበር። በዚህ ጊዜ ራሙን የዋሸ ሰው ዲስኩን እውነት ተናገረ ብዬ አላምንም አልኩ። ለሚጡ ግን አልነገርኳትም። ብነግራት ሮጣ ሄዳ ትጮህበት ነበር፤ እሱም ዲስኩን ከአጥሩ ማዶ ይወረውረው ነበር። እኔ ደግሞ የፈለግሁት ጩኸት አልነበረም። ያንን ሳቁን ነበር የፈለግሁት፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት፣ ከጉሮሮው እንዲወጣልኝ።

ቅዳሜ በ9ኛው ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ብቻዬን ወደ ሱቁ ሄድኩ። ተጠርጣሪው አያውቀኝም። ረጅሙን ካፖርቴን ለብሼ፣ መነጽሬን ገልብጬ አደረግሁ። ሞኝ ለመምሰል ከዚህ በላይ አልደከምኩም፤ በዚህ ዕድሜ ቀሪውን ሰው ራሱ ነው የሚጨርስልህ። «ልጄ፣ የልጅ ልጆቼን ፎቶ የማስቀምጥበት ያገለገለ ዲስክ አለህ?» አልኩት። ተጠርጣሪው ከጠረጴዛው ሥር ሰፊ መሳቢያ ስቦ አወጣ። ዲስክና ራም ሞልቶበታል። አንድ በአንድ እያነሳሁ ወደ ብርሃን አዞርኳቸው። ሦስተኛው የሚጡ ነበር። የዶሮ እግሬ ጠርዙ ላይ እንዳለ ነው።

«ይሄ ሞቶ ቢሆንስ?» አልኩት።

«ፋዘር፣ እኔ የሞተ አልሸጥም። ይሄ መቶ በመቶ ጤነኛ ነው። ሰሞኑን የመጣ ነው፣ አንድ ቀን ታሞ አያውቅም።»

መርማሪው እዚህ ላይ ዲስኩን ወዲያው ገዝቼው ለምን እንዳልሄድኩ ጠይቀውኛል። ገንዘቡ በኪሴ ነበር። ይህ በትክክል እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ፦ በኪሴ ነበር፣ በእጄም ነክቼዋለሁ። ከፍዬ ብወጣ ኖሮ የልጅ ልጄ በዚያው ቀን ሥራዋን ታገኝ ነበር። ነገር ግን ተጠርጣሪው የሰረቀውን ለባለቤቱ ሸጦ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ፣ ሻዩን ሊጠጣ ነው። ይህንን ልውጠው አልቻልኩም። ዲስኩ በእሱ መሳቢያ፣ በእሱ እጅ፣ በሰው ፊት እንዲገኝ ፈለግሁ። ስለዚህ እስከ ማክሰኞ አስቀምጥልኝ አልኩት። ተጠርጣሪው በቁራጭ ወረቀት ላይ «ለሽማግሌው» ብሎ ጽፎ ዲስኩ ላይ ለጠፈው። ልጥፉ አሁንም አለበት።

ሰኞ በ11ኛው ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ከሱቁ ፊት ለፊት ባለችው ልብስ ሰፊ ደጃፍ ላይ ተገኘሁ። ልብስ ሰፊዋን የማውቃት የስፌት መኪናዋን ለብዙ ዓመት ዘይት ስለማጠጣላት ነው። ትንሽ ጠረጴዛ፣ ካቻቢቴዎቼን፣ መርፌዬንና ደብተሬን ዘረጋሁ። በካርቶን ላይ እንዲህ ጽፌ ሰቀልኩ፦ «ላፕቶፕዎን ለጥገና ከማስገባትዎ በፊት ዕቃው እንዳይለወጥ በነፃ ምልክት እናደርጋለን። የ34 ዓመት ልምድ።» በምን ላይ የ34 ዓመት ልምድ እንደሆነ አልጻፍኩም፣ የጠየቀም የለም።

«ጋሼ፣ ሰውየው ያብዳል እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አያብድም። መጀመሪያ ያልበዋል።»

«ለምን ዲስኩን ገዝተው አይገላገሉም?»

«አንቺ ልጅ፣ ስፌትሽን ስፊ።»

በሁለቱ ቀናት ውስጥ ወደ ሱቁ ከሚገቡ ሰዎች አሥራ አንድ ላፕቶፕ ከፍቼ ምልክት አድርጌያለሁ። የእያንዳንዱ ባለቤት መጠሪያ፣ ሰዓቱና ምልክት የተደረገበት ዕቃ በደብተሬ ተጽፏል፤ ደብተሩን ከዚህ ቃል ጋር አስረክቤያለሁ። ሰዎቹ መጀመሪያ ይፈሩ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ከውስጥ ሆና «ክፈቱላቸው፣ የእኔን መኪና የያዙት እሳቸው ናቸው፣ መኪናዬ ዛሬም ፓራሹት ይሰፋል» እያለች ታግባባልኝ ነበር። ለእያንዳንዱም ሲወጣ በነፃ እንደገና ከፍቼ እንደማሳየው ነገርኩት።

ተጠርጣሪው እስከ 5 ሰዓት ድረስ በመስኮት ሲያየኝ ቆይቶ ወጣ። «ፋዘር፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«ጡረታ ሰልችቶኝ ነው፣ ፕሮፌሰር። አንተ ታክማለህ፣ እኔ ካርድ አወጣለሁ።»

«ደንበኛ እያስደነገጡብኝ ነው።»

«ጤነኛ ሰው በካርድ አይደነግጥም» አልኩት። የሽማግሌ ጨዋታ መስሎት ጥርሱን አሳይቶ ገባ። ሳቁ ግን ከቅዳሜው አጥሮ ነበር።

ከቀኑ 7 ሰዓት ዲስኩ መኖሩን ለማየት ወደ ሱቁ ገባሁ። ነበረ። እዚያው ቆሜ ነገሩን ላራዝመውና ላሾፍበት ፈለግሁ። «ጤነኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ዓይኔ እያየ ሥራው» አልኩት። ተጠርጣሪው ዲስኩን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ «አሁን ያያሉ» ብሎ በርካታ ፊልሞች ገለበጠበት። አረንጓዴው መስመር ሲሞላ እያየሁ አጨበጨብኩለት። እኔ የማውቀው የጽሕፈት መኪና ነው፤ በጽሕፈት መኪና ሌላ ወረቀት ብታስገባ የቀድሞው ወረቀት አይነካም። ያጨበጨብኩበትን ነገር የተረዳሁት ትናንት ነው።

ማክሰኞ በ12ኛው ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ላፕቶፓቸውን የወሰዱ ሰዎች ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙን ከፍቼ አይቻለሁ። በስድስቱ ላይ ምልክቴ እንዳለ ነበር፤ ይህም እውነት ስለሆነ ይጻፍ። ሁሉንም አልነካም፣ ደህና ደህናውን መርጦ ነው የነካው። በሦስቱ ላይ ግን ምልክት የተደረገበት ራም ወጥቶ በሌላ ተተክቷል። የመጀመሪያዋ የሂሳብ መምህርት ናት። ክዳኑን ከፍቼ ሳሳያት መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ እንደገና አየች፣ ከዚያ ላፕቶፑን እንደተከፈተ አንጠልጥላ መንገዱን ተሻገረች። ሁለተኛው የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ሦስተኛው የመንጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናቸው። ሱቁ ውስጥ ጩኸት ሆነ። እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ሻይ አዘዝኩ።

ተጠርጣሪው ያን ጊዜ ስልኩን አንስቶ ፖሊስ የጠራው ራሱ ነው፤ «አንድ ሽማግሌ ሱቄን እየበጠበጠ ነው፣ አንሱልኝ» ብሎ። ሁለት የፖሊስ አባላት ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ መጡ። እኔም ተነስቼ፣ «እሄዳለሁ፣ ከመሄዴ በፊት ግን እኔ ያስቀመጥኩት ዕቃ ስላለ ያ መሳቢያ ይከፈትልኝ» አልኳቸው። ተጠርጣሪው «አዎ፣ ዲስክ አለው፣ ወስዶ ይሂድልኝ!» ብሎ በገዛ እጁ ከፈተው። በመሳቢያው ውስጥ የሚጡ ዲስክ፣ የሚጡ ራም፣ የመምህርቷና የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ ራሞች ተገኙ፤ በአራቱም ላይ የዶሮ እግር አለ። ለፖሊሶቹ ደብተሬን አሳየኋቸው። ተጠርጣሪው ምልክቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ልብስ ሰፊዋን አየ። ሐሙስ ዕለት ከሳቁት ሰዎች አንደኛው፣ ሚጡ መልኩን የነገረችኝ፣ እዚያው ነበር፤ አሁን የሚስቀው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። የጸሐፊው ራም አልተገኘም።

ያን ቀን ወደ ቤት የገባሁት እንደ ሙሽራ ነው። ምሳ ላይ ለሚጡ ሁሉንም ነገርኳት። ዲስኩ ተገኘ ስላት ወንበሯን ገፍታ ተነሳች፤ አንገቴን አቅፋ ዓይኔን ሳመችኝ። «የታለ?» አለች። ኤግዚቢት ሆኖ ፖሊስ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል አልኳት። «መቼ ነው ያገኘኸው?» አለች። ቅዳሜ አልኳት። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ቅዳሜ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወጥመድ ሠራሁለት!»

«መግዛት ይቻል ነበር?»

«ይቻል ነበር፣ ግን...»

«እና አልገዙትም።»

ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ «አንተ» ስትለኝ የኖረች ልጅ «አልገዙትም» አለችኝ። ሳህኗን አንስታ ወደ ፊት ክፍል ገባች። በሩን አልወረወረችውም፤ ቢወረወር ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ በ13ኛው ቀን ጠዋት እዚሁ መጥተን መርማሪውን ጠየቅን። ማክሰኞ በሚጡ ስም የተከፈተው ክስ እስካለ ድረስ ኤግዚቢቱ እንደማይወጣ፣ የግል ተበዳይ ክሷን ካነሳች ግን በዚያው ቀን ሊመለስላት እንደሚችል ተነገረን። ሚጡ ለማንሳት ወሰነች፤ እኔም መስማማት ነበረብኝ። ተጠርጣሪው ደስ ብሎት መጣ። የስምምነቱን ወረቀት እኔ ላስጽፍ አልኩ፣ እሱም ሱቁን ለመክፈት ቸኩሎ ስለነበር ፈቀደ። ያስጻፍኩትም «ከደንበኛዬ ላፕቶፕ አውጥቼ፣ ሞቷል ብዬ፣ በመሳቢያዬ ያስቀመጥኩትን ጤነኛ ዲስክና ራም መልሻለሁ» የሚል ነው። ተጠርጣሪው ዓይኑን ያሳረፈው «ክሷን አንስታለች» የሚለው መስመር ላይ ብቻ ነበር፤ ፈረመ። «በቃ አለቀ፣ ፋዘር። ከእንግዲህ አንተዋወቅም» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት። ቤት ስደርስ ታጠብኩ።

እዚህ ላይ መርማሪው ከታረቅሁ በኋላ ለምን እንደመጣሁ በድጋሚ ጠይቀውኛል። የታረቅሁት ስለ ዲስኩ ነው። ስለ መምህርቷ፣ ስለ መድኃኒት ቤቱ ሠራተኛና ስለ ጸሐፊው የታረቀ የለም፤ እኔም አልመሰክርም ብዬ የፈረምኩት ወረቀት የለም። ተጠርጣሪው የእኔ አፍ ከተዘጋ ምልክቱን የሚያስረዳ እንደማይኖር አስቦ ነው የተደሰተው። የመጣሁት ለዚሁ ነው። ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በየትኛው ዕቃ ላይ፣ በስንት ሰዓት እንዳደረግሁ ደብተሬ ይናገራል፤ ፍርድ ቤት ስጠራም ቀርቤ በመርፌዬ ጭሬ አሳያለሁ። የስምምነቱ ወረቀት ቅጂም ከዚህ ጋር ይያያዝልኝ። ደግሜም እናገራለሁ፦ እርቅ የገባሁት የልጅ ልጄ ስለቸኮለች ነው፤ እኔ አልቸኩልም። ሰውየው ሱቁን ዘግቶ ሌላ ቦታ ቢከፍት፣ ትንሹ ጠረጴዛዬ ተሸካሚ አያስፈልጋትም።

የቀረው ስለ ዲስኩ ይዘት ነው። ሚጡ ትናንት ከሰዓት በኋላ ዲስኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታ የጠፋ በሚያወጣ ፕሮግራም ፈተሸችው። ተጠርጣሪው ሊሸጠው ሲል ያለውን ሁሉ አጥፍቶበት ነበር፤ ሆኖም የጠፋ ነገር ሌላ እስካልተጻፈበት ድረስ ሊወጣ እንደሚችል አስረዳችኝ። ከሃያ ሁለቱ ሉሆች አሥራ ዘጠኙ ወጡ። ሦስቱ፣ ማለትም የመሠረቱ፣ የፍሳሽ መስመሩና የጣሪያው ዝርዝር አልወጡም። አንደኛውን ፋይል ስትከፍተው በውስጡ የፊልም ቁራጭ ነበር፤ ሰዎች ይስቁበታል። «ፊልም እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለች። መዋሸት እችል ነበር። ሰኞ በ7 ሰዓት «ዓይኔ እያየ ሥራው» ያልኩትን፣ እንዳጨበጨብኩም ነገርኳት።

ከዚያ «አባባ፣ እርስዎ ከጠረጴዛዬ ይራቁ» አለችኝ፣ ባዶ ሉህ ከፈተችና መሠረቱን መሣል ጀመረች። ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ከቤት ስወጣ መሠረቱን ጨርሳ ፍሳሹን አጋምሳ ነበር። ለነገ ይደርሳል ወይ ብዬ ከበሩ ላይ ጠየቅኋት። ዓይኗን ሳታነሳ «ይደርሳል» አለች። ስትለው ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ነገር አውቀዋለሁ፤ ከእኔ ነው የወረሰችው። ያ በእሷ ንድፍ ላይ ሲፈርም የኖረው ሰውዬ ሁለተኛ ሆኖ ይቀራል።

መርማሪው የሦስቱ ሉሆች መጥፋት በተጠርጣሪው ላይ ቢጨመር ያደረሰው ጉዳት እንደሚከብድበት፣ ሲገለብጥ ያዩት ሌሎች ሰዎች ስላሉም ማስረጃ እንደማይቸግር ገልጸውልኝ ልጻፈው ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ውኃ ጠየቅሁ፣ ጠጣሁ። «ሥዕል አይደል? ደግመሽ ሣዪዋ» ያለው ትዝ አለኝ፤ አሁን ደግማ እየሣለች ነው፤ በእሱ ላይ ቢጻፍ ምንኛ እንደሚያምር አሰብኩ። መልሴ ግን አይጻፍበት የሚል ነው። ዲስኩን የሰረቀው እሱ ነው፤ ሰርቆ የዋሸው፣ ያጠፋው፣ የሳቀባትም እሱ ነው፤ ለዚህ ሁሉ አልለቀውም። ፊልሙን ያስገለበጥኩት ግን እኔ ነኝ፣ ቅዳሜ ገንዘብ በኪሴ ይዤ ባዶ እጄን የወጣሁትም እኔ ነኝ። እሱ ያላደረገውን አንድ ነገር በእሱ ላይ ከጫንኩ፣ ነገ ፍርድ ቤት ቆሞ «ይህን አላደረግሁም» ሲል እውነቱን ይሆናል። ለእሱ አንዲት እውነት እንኳ ልሰጠው አልፈልግም። ሦስቱ ሉሆች በእኔ ስም ይጻፉ።

ይህ ቃል መርማሪው እየጻፉ፣ ከ3፡10 እስከ 6፡05 ድረስ ሰጥቼው፣ ገጽ በገጽ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነቦልኝ፣ ሁለት ቦታ አሳርሜ የተቀበልኩት ነው። በውስጡ ቂም አለ፤ ውሸት ግን የለም። ፍርድ ቤት ፊት ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ______________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ______________

አባሪ፦ አንድ ደብተር፣ አንድ የስምምነት ወረቀት ቅጂ

ከላይ በምስክሩ ጥያቄ መሠረት የሦስቱ ሉሆች መጥፋት በተጠርጣሪው ክስ ውስጥ አልተካተተም። (የመርማሪው ማስታወሻ)